የበድሉ ሞተር ጌጃ ሰፈር

ጌጃ ሰፈር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪውን ሳኒን የማያውቅ ሹፌር ካለ፣ ወይ መኪናው አዲስ ነው ወይ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ትናንት ነው። ጋሽ ሳኒ ስልሳ ሰባት ዓመት ሞልቷቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያች የቆርቆሮ ሱቃቸው ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ከዚያ በፊት ግን አራት ዓመት የውሃ ሰው ነበሩ፤ ይህን የሚያውቅ የለም። ለማንስ ያወራሉ? አዲስ አበባ ልደታ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጀልባ የሚያወራ ሽማግሌ «ጃጀ» ነው የሚባለው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ወጣት ከዝዋይ በጭነት መኪና የጀልባ ሞተር ጭና መጣች። ጋሽ ሳኒ ከእሷ በፊት ሞተሩን አወቁት። ክዳኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም የቀቡት እሳቸው ናቸው።

«የበድሉ ልጅ ነሽ» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ መቅደላዊት እባላለሁ። አባቴ በፋሲካ ሰሞን አረፈ። ስልክዎን አጥተን ነው ያልነገርንዎት።»

ጋሽ ሳኒ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የዝዋይ የጀልባ ባልደረባቸው በድሉ በየዒዱ ይደውልላቸዋል፣ እሳቸው በየፋሲካው ይደውሉለታል፤ ሌላ ጊዜ አይገናኙም። ባለፈው ፋሲካም ደውለው ነበር። ስልኩ አልተነሳም። ነገ እደውላለሁ አሉና ያ ነገ ሳይመጣ ኅዳር ደረሰ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? በራሳቸው አፈሩ።

መቅደላዊት የመጣችበትን ነገረቻቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሞተሩ አልነሳም ብሏል። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» እንኳ አይልም። ዝዋይ ሁለት ባለሙያ አይቶት አለቀለት ብሏል። ወንድሞቿ ለመለዋወጫ ሊሸጡት ተስማምተዋል፤ ገዢው ነገ ጠዋት መጥቶ ይበታትነዋል።

«እኔ ግን በጀልባዋ መሥራት እፈልጋለሁ» አለች። «አባቴ ‹ይህን ሞተር የሚያውቀው ሳኒ ብቻ ነው› ይል ነበር።»

ጋሽ ሳኒ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሞተሩን ከሱቁ ደጅ በአግዳሚ እንጨት ላይ አሰሩና እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ከተቱት። ጎረቤታቸው አናጢው ወንድምአገኝ መጋዙን ይዞ ብቅ አለ።

«ሳኒ፣ የዘንድሮን ክረምት ጎርፍ በዚህ ልትሻገረው ነው?»

«አንተንም በነጻ አሻግርሃለሁ። አሁን ግን ሂድልኝ።»

ከባትሪው ጀመሩ፤ ሙሉ ነው። የባትሪውን ራስ በአሸዋ ወረቀት ፈተጉት፣ ፊውዙን አውጥተው አዩት፤ ደህና ነው። ከባትሪው በቀጥታ ለሞተሪኖው ኮረንቲ ሲሰጡት እንደ ጎረምሳ ተሽከረከረ። «ይኸው፣ በሕይወት አለ» አሉ። እንግዲህ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ እንዳይነሳ የሚያግደውን ማጥፊያ በሌላ ሽቦ ዘለው አገናኙት፤ ምንም የለም። ቁልፉን ፈትተው ጠረጉት፤ ምንም የለም። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝም አለፈ። መቅደላዊት ሰዓቷን ማየት አበዛች።

እጃቸው ሽቦ ይቆጥራል፣ ልባቸው ግን ዝዋይ ነው። በድሉ ይነዳል፣ እሳቸው ሞተሩን ይጠብቃሉ፤ ከደሴቶቹ ሰውና ዓሣ ጭነው ጎህ ሲቀድ ይመለሳሉ። በድሉ ድምፁ አያምርም፣ ዘፈን ግን ይወዳል። ጉማሬዎቹ እንኳ እሱ ሲጀምር ውሃ ውስጥ ይገባሉ እያሉ ያበሽቁት ነበር። እነዚያን ጠዋቶች የሚያስታውስ ሌላ ሰው ከእንግዲህ የለም።

ቀጭኑን ሽቦ በጣታቸው ተከተሉት። ከሥር፣ ጣት ብቻ በሚያስገባ ጠባብ ቦታ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቦታውን በባትሪ መብራት አዩት። ሽቦው በሰም በታሸ ክር ተጠምጥሟል፣ ክሩም በሦስት ቋጠሮ ታስሯል። ጋሽ ሳኒ ዛሬም ሽቦ የሚቋጥሩት እንደዚያ ነው፤ ሰሙ የሐይቁን እርጥበት እንዲከላከል ብለው የጀመሩት ነው።

«እኔ ምን ዓይነት ጅል ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ጎረምሶች ጀልባዋን በሌሊት እያስነሱ ቢያስቸግሯቸው፣ ከሞተሩ ሥር ስውር ማጥፊያ ገጥመው ለማንም ላይናገሩ ከበድሉ ጋር ተማማሉ። ኋላ አዲስ አበባ ገብተው ለስንቱ ታክሲ ይህንኑ ገጥመዋል። አልነሳም የሚል መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስውር ማጥፊያ አለው?» ብለው ነው። ራሳቸውን ግን አልጠየቁም፤ ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም።

«ልጄ፣ ሞተሩ አልተበላሸም። ተቆልፎ ነው። የቆለፈው አባትሽ ነው፣ መጨረሻ ከጀልባዋ የወረደ ዕለት።»

መቅደላዊት ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። «ማታ ማታ ከመውረዱ በፊት እጁን ከሥር ያስገባ ነበር» አለች። «ጸሎት የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር።»

ጋሽ ሳኒ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱና ሳይነኩት መለሱ። የበድሉ ጣት ካረፈበት ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ሊከፍቱት አሳዘናቸው። የልጅቷን ጣት ይዘው ቦታው ላይ አደረሱላት። «አንቺ ክፈቺው።»

ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ፤ የበርሜሉ ውሃ ተናውጦ መንገዱን አጠበው። ወንድምአገኝ ከነመጋዙ ሮጦ ወጣ። ጋሽ ሳኒ አለቀሱ፣ በጭሱም አላመካኙም።

ሞተሩን መልሰው ሲጭኑት መቅደላዊት ጠየቀቻቸው። «ማጥፊያውን ለወንድሞቼ ልንገራቸው ጋሼ?»

ጋሽ ሳኒ የጭነቱን ገመድ አጠበቁ። «ለአንድ ሰው ብቻ ንገሪ» አሉ። «ያ ሰው ግን በዓል ሲሆን የሚደውልልሽ ይሁን። ስልክሽ ካልተነሳም በማግስቱ ደግሞ የሚደውል።»