ዮሃና የመረጠችው ከባድ ፒያኖ

የቴፒ ሰው ዮሃና አሞጽን በሁለት ነገር ነው የሚያውቃት። በሥራ ቀን ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ትጫወታለች። ያስተማራት ሰው የለም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው ወደ ሚዛን ከተማ ሲዛወር መዘምራኑ ያለ አጃቢ ቀሩ፤ እሷ በጆሮዋ እየለቀመች ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ ያስነሳት የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ለሙዚቃ መምህርነት ሥልጠና ልትፈተን አዲስ አበባ ሄደች። ፈታኟ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ እውነተኛ ፒያኖ ፊት አስቀመጧት። ዮሃና የምትወደውን መዝሙር ጀመረች፤ ቁልፎቹ ግን እምቢ አሉ። አንዱ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ጭራሽ አይሰማም። መዝሙሩ ሳያልቅ ትንሿ ጣቷ ዛለች።

«ጆሮሽ ጥሩ ነው» አሏት ሴትየዋ። «ጣቶችሽ ግን ክብደት አያውቁም። የለመድሽው ቀላል ቁልፍ ነው አይደል? ከባድ ቁልፍ ያለው ፈልገሽ ተለማመጂና ለከርሞ ነይ።»

አፍራ ወጣች፤ ተስፋ ግን አልቆረጠችም። እውነተኛ ፒያኖ የሚታሰብ አልነበረም። ዋጋው አይቀመስም፣ የቴፒ እርጥበትም እንጨቱን አይምረውም፣ የሚቃኘውም የለም። ስልኳ ላይ ስታነብ ከርማ፣ ከቁልፎቹ ሥር ትናንሽ መዶሻዎች ያሉትና እንደ እውነተኛው የሚከብድ ዲጂታል ፒያኖ መኖሩን ደረሰችበት።

እናቷ ወይዘሮ በየነች ባላቸው ካረፉ ጀምሮ የቡና ማሳውን ብቻቸውን የያዙ ገበሬ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ የዓመቱን ደረቅ ቡና ሸጠው በልጃቸው ቁጠባ ላይ ጨመሩና «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ብቻሽን ያታልሉሻል» አሉ።

ጅማ፣ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከሚሸጠው ከሻሚል ሱቅ ገቡ። ሻሚል በመጀመሪያ መብራቱ የሚብለጨለጭ ኪቦርድ አወጣ።

«ስድስት መቶ ዓይነት ድምፅ አለው። ከበሮውም ዋሽንቱም እዚሁ ነው።»

ዮሃና ገመዱን ነቅላ ጣቶቿን አሳረፈችበት።

«ጠፍቶ ምን ይሰማል?» አለ ሻሚል ግራ ገብቶት።

«ድምፁን አይደለም፣ ቁልፉን ነው የማየው።»

ቀጥላ ጥግ ላይ ወደቆመው ጌጥ አልባ ጥቁር ፒያኖ ሄደች። ሰማንያ ስምንቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ነካች። በግራ በኩል ይከብዳሉ፣ ወደ ቀኝ እየቀለሉ ይሄዳሉ፤ ልክ እንዳነበበችው። ሲበራ ደግሞ በቀስታ ስትጫነው አንሾካሾከ፣ ስትመታው ነጎደ። አንዷ ቁልፍ ብቻ ስትመለስ ቀጭ ትላለች።

«ይሄ እኮ አሥር ድምፅ ብቻ ነው ያለው» አለ ሻሚል። «ኋላ እንዳይቆጭሽ።»

ወይዘሮ በየነች ቀረብ ብለው ቁልፎቹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉ። «ቡናም ሲቀል ገለባ ነው» አሉ። «ልጄ ያለችውን ስጠን። ይቺን ቀጭ የምትለዋን ግን አስተካክልልን።»

ሻሚል ሳቀ። ቁልፏን እዚያው ፈትቶ አስተካከለ፣ መቆሚያውንም መረቀላቸው።

ፒያኖው በፍራሽ ተጠቅልሎ በአይሱዙ ቴፒ ገባ። በመጀመሪያው ወር ክንዷ እስከ ትከሻዋ አመማት። በየማለዳው ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። መብራት ሲጠፋም አታቆምም፤ ድምፅ በሌላቸው ቁልፎች ላይ መዝሙሩን በልቧ እየሰማች ትጫወታለች። እናቷ ከጓዳ ሆነው «ዛሬ ምኑን ነው የምትጫወቺው?» ይሏታል።

በዓመቱ ተመልሳ ተፈተነች። ፈታኟ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ቤቴ ነው የተለማመድኩት፣ ቴፒ።»

«አልፈሻል» አሏት።

ሥልጠናዋን ጨርሳ በተመለሰች ዓመት ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ አርባ ሕፃናት በእሷ ፒያኖ ታጅበው ዘመሩ። ወላጆች በመዝሙሩ መሐል ሲያጨበጭቡ ወይዘሮ በየነች እጃቸውን አላነሱም። የመጨረሻው ድምፅ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ብድግ አሉና፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «የኔ ልጅ ናት!» አሉ።