በራዲያተር የገባ ቡላ

ዲላ ውስጥ ኸድሩን የማያውቅ ሾፌር ካለ መኪናው ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። ሙያውን የተማረው ከአንድ ጣሊያን ነው፤ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መፍቻዎቹን ሰጥቶት ሄደ። እጁ የተባረከ ነበር፤ ሐሜት አይሁንብኝና አፉ ግን ይቸኩላል። ሞተር ሳይከፍት በሽታውን ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ልክ ስለሚሆን ደግሞ ማን ይከራከረዋል?

ነገሩ የሆነው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ነው፤ ቡና ቀልቶ የጭነት መኪና እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ሰሞን። አንድ ቀን ወንድይፍራው የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ሾፌር አሮጌውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋራዡ በር ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ።

"ጋሼ ኸድሩ፣ ውሃ አልበቃው አለ። በየመንገዱ እየሞላሁ ተቸገርኩ።"

ኸድሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ አየ። ራዲያተሩ ርሷል። በቃ፣ ሌላ ምን ያያል?

"ራዲያተሩ ነው የሚያፈሰው። አንድ እፍኝ ቡላ በጥብጠህ ጨምርበት። ሲፈላ ቀዳዳውን ይደፍንልሃል።"

በእርግጥ ይህ እዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የእንሰት ቡላ ሲበስል ምን ያህል እንደሚያያዝ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ስንቱ ራዲያተር የቡናውን ወራት በቡላ ከርሟል። ወንድይፍራው አመስግኖ ሄደ፤ ኸድሩም ሻዩን ጨረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ኤንትሬው በእንፋሎት ታፍኖ እየተንፈቀፈቀ ጋራዡ ገባ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ጋቢናው ውስጥ ከወንድይፍራው ጎን የቡና ዘመቻው ተቆጣጣሪ ጓድ ገሪማ ተቀምጧል። ገሪማ ከሰሜን የመጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር፤ ሰው የሚፈራውም በዚሁ ነው።

"ዱመርሶ ላይ ገበሬው እሸት ቡና ለቅሞ ይጠብቃል" አለ ሰዓቱን እያየ። "ዛሬ ባንኮ ጎቲቲ ካለው የቡና ማጠቢያ ካልደረሰ ያድርና ይበላሻል። እስከ ሰባት ሰዓት ጨርስ።"

"እሺ ጓድ" አለ ኸድሩ።

ወንድይፍራው ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። እውነቱን ነው። አምና አንድ ሾፌር ማርሽ ሰበርክ፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ሠራህ ተብሎ ተወስዶ፣ ለሚስቱ የተመለሰላት ልብሱ ብቻ ነበር። ከተማው ይህን ያውቃል፤ ጮክ ብሎ ያወራው ግን የለም።

ኸድሩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና ራዲያተሩን የሚያናፍሰውን ቬንቲላተር በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። ቋ ቋ አለ። ቬንቲላተሩን የተሸከመው የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ አልቋል። ጎንበስ ብሎ ከፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ፤ እርጥብ ናት። ውሃው የሚወጣው በዚያ ነበር። ቬንቲላተሩ ሲዞር ጠብታውን እየረጨ ራዲያተሩን ያርሰዋል። የዚያን ቀን ያየው እርጥበት ይኸው ነበር። ራዲያተሩ ምንም አልሆነም! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብሎ ቢሆን ኖሮ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ስላወቀ ቱቦውን ሲፈታ እጁ ዘገየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቱቦው ሲላቀቅ ውሃ ብቻ አልወጣም፤ ነጭ ነገር እንደ ገንፎ እየተጎለጎለ መሬት ላይ ወደቀ።

ገሪማ ቀረብ ብሎ በእንጨት ነካካው። "ምንድን ነው ይሄ?"

እንጨቱን ጣለና ወደ ወንድይፍራው ዞረ።

"ሾፌር፣ አንተን ነው።"

"ቡላ ነው ጓድ" አለ ወንድይፍራው። "ቀዳዳ ይደፍናል ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"ማን አለህ?"

"ማንም አላለኝም።"

ይህን ሲል ወደ ኸድሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ኸድሩ ቢያየው ይሻለው ነበር። ቢሰድበው፣ ቢያጋልጠው፣ ቢያንስ በዓይኑ ቢለምነው! ገሪማ ደብተሩን አውጥቶ በርጋታ ጻፈና ገጹን ወደ ኸድሩ አዞረው።

"አንተ ባለሙያ ነህ። ሾፌሩ ሆን ብሎ ሞተር ውስጥ ባዕድ ነገር ጨምሮ አበላሽቷል ይላል። ፈርም።"

"እጄ ግራሶ ነው ጓድ። ወረቀቱ ይቆሽሻል፤ ልጨርስና።"

"ጨርስ።"

ኸድሩ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ቀበረ። የቬንቲላተሩን ቺንጋ አላላ፣ እሱንም አወረደ፣ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አሮጌውን ፓምፕ ነቀለ። መፍቻው ሁለት ጊዜ አምልጦ ጣቱን ላጠው። የፓምፕ መለዋወጫ በዚያ ዘመን የትም አይገኝም፤ እሱ ግን ከአንድ የተገለበጠ መኪና ያወጣውን ፓምፕ ኩሽኔታውን ቀይሮ አስቀምጦት ነበር። ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ከካርቶን እየቆረጠ አሰበ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አምስት ልጆች አሉኝ፤ ወንድይፍራው ገና አንድ ነው ያለው። ወዲያው ይህን በማሰቡ አፈረ። ልጅ ተቆጥሮ ነው እንዴ ሰው የሚሸጠው? ግን ደግሞ የዚያ ሾፌር ልብስ ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት፤ ታጥፎ፣ በገመድ ታስሮ።

ራዲያተሩን አውርዶ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ አጠበው። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ስድስት ባልዲ ፈጀ። ያቆየውን ፓምፕ ሲያስር ሌላ ሐሳብ መጣበት፦ አንዱን ብሎን ብቻ ላላ ቢያደርገው፣ ፓምፑ ቢያፈስ፣ መኪናው ባይሄድ፣ ነገሩ ለነገ ቢያድር። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ውሃ ሞሉ፤ ሞተሩ ተነሣ። ኸድሩ ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል ያችን ትንሽ ቀዳዳ አፍጥጦ አያት። ጠብ አላለም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥቶ እጁን በቤንዚን ታጠበ። ገሪማ እስክሪብቶውን ዘረጋለት።

"ይሄን አልፈርምም ጓድ" አለ ኸድሩ። "ቡላ ጨምር ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ ራዲያተር ነው አልኩት፤ ፓምፕ ነበር። እሱ የሠራው የነገርኩትን ነው።"

"ጋሼ ኸድሩ፣ ተው" አለ ወንድይፍራው።

"አንተ ዝም በል። አሁንስ በዛ።"

ገሪማ አንዱን ካንዱ እያፈራረቀ አያቸው። ከዚያ ደብተሩ ላይ አንድ ስም ሰረዘ፤ በላዩ ሌላ ጻፈ። ገጹን ገንጥሎ አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"እንመለስበታለን" አለ። ጋቢና ገባ፤ መኪናው ሄደ።

ቡናው በሰዓቱ ባንኮ ጎቲቲ ደርሶ በዚያው ምሽት ተፈለፈለ። ኸድሩ ይህን የሰማው በማግሥቱ ነው፤ ያን ሌሊት ግን እሱም ሚስቱ ሱራያም ዓይናቸውን አልከደኑም። ሲነጋ ሱራያ አዲስ ጋቢ አጥፋ ሰጠችው። እስር ቤት ሲሚንቶው እንደሚበርድ ሰምታለች። ቀን ከጋራዡ ቢወስዱት እንዲያገኘው፣ ጋቢውን ጋራዡ ውስጥ ከመፍቻዎቹ በላይ ሰቀለው።

በዚያ ቀን አልመጡም። በዚያ ሳምንትም አልመጡም። ገሪማ በዓመቱ ተዛወረ፤ ወረቀቱ ከኪሱ ወጥቶ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ኸድሩ የመንግሥት ላንድሮቨር በሩ ላይ በቆመ ቁጥር መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ይጠርጋል። ቡና ሲደርስ ወንድይፍራው እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አላወሩም። ደንበኞች ጋቢውን እያዩ "በዚህ ሙቀት ምን ያደርግልሃል?" ይሉታል። "ይኑር" ይላቸዋል።

በሰባ ሦስት፣ በሰባ አራት እያለ ዐሥራ አንድ ዓመት ተሰቅሎ ኖረ። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ኸድሩ አውርዶ ለሱራያ ወሰደላት። ወደ አፍንጫዋ ብታስጠጋው ቤንዚን ቤንዚን ሸተታት፤ እጥፋቱ ግን ያኔ እሷ እንዳጠፈችው ነበር። አንድም ቀን አልተለበሰም። ሱራያ ታጥበዋለች ሲል፣ ቁጭ ብላ አለቀሰችበት።