ጀርባው ላይ የተለጠፈው የቤት ሥራ

ቅዳሜ ጠዋት... ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚሄድ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀምጫለሁ። እዚያ ክሊኒክ የሚሠራ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው።

ኬላው ጋ ስንደርስ «ሁላችሁም ውረዱ፣ መታወቂያ» ተባለ። የተለመደ ነው። ወርደን ተሰለፍን።

ከፊቴ፣ ጋቢና ተቀምጦ የመጣ ሰውዬ ቆሟል። ጃኬቱ ጀርባ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። በትልልቁ፣ በእንግሊዝኛ «ኢምፖርታንት» ይላል።

ክው አልኩ። ቃሉን ዓርብ ለስድስተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «አስፈላጊ» ብዬ ብተረጉመው የቀበሌ ደብዳቤ መሰለብኝና «ቢጠፋ ቤቱ ቤት የማይሆን ነገር ነው» አልኳቸው። ከዚያ ቃሉን ጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዲለጥፉና ሰኞ ወረቀቱን ይዘው እንዲመጡ አዘዝኩ። ቲቪ ላይ ወይም የውሃ በርሜል ላይ ይለጥፉታል ብዬ ነበር እኮ።

ማንም እንዴት አልነገረውም እንዳትሉኝ። እዚህ ጀርባው ላይ እንግሊዝኛ ያለበት ሰው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ረዳቱም ጋቢና ያስቀመጠው ለዚያ ነው። ችግሩ፣ ሰሞኑን የድርጅት ሰው ነኝ እያለ የሚያጭበረብር አለ ተብሎ ኬላው ነቅቷል።

«የየትኛው ድርጅት ነህ?» አለው ፖሊሱ።

«ድርጅት የለም። እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነው።»

«ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?»

ሰውዬው ዞር ብሎ ጀርባውን ሊያይ ሞከረ። እጁን ሰደደ፣ አልደረሰለትም። «ወላሂ አላውቅም» አለ። ፖሊሱ የሚቀልድበት መሰለው። ሰልፈኛው ከሰውዬው ሸሸት ሸሸት አለ። ሹፌሩ «እሱ ይጣራ፣ እኛ እንሂድ» ማለት ጀመረ።

ዝም ልበል? መታወቂያዬ የደብረ ማርቆስ ነው። በሰው አገር ኬላ ላይ ዘሎ ነገር ውስጥ መግባት... እናቴ ብትሰማ «ምን አገባህ» ነው የምትለኝ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ክንዱን ይዘው ወደ ኬላው ድንኳን ሲወስዱት አፌ ቀደመኝ።

«ወረቀቱ የኔ ነው... ማለቴ፣ የቤት ሥራ ነው። አስተማሪ ነኝ።»

ፖሊሱ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሰውዬውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቀው ሰው ጀርባ ላይ ነው የቤት ሥራ የምትሰጠው?»

አሁን ሳወራው ያስቃል። ያኔ ማንም አልሳቀም። ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት፣ አላመነኝም። ሰውዬውን ወደ ዳር ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር ጠየቀውና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችው። አስተማሪዋ ከሆንክ ስሟን ንገረኝ።»

ክፍሌ እንደዚያ ሚኒባስ ጢም ያለ ነው። የማንን ስም ልጥራ? ከተሳሳትኩ ሁለታችንም ድንኳን መግባታችን ነው። ድንገት ዓርብ ልወጣ ስል ከኋላ እጇን ያወጣች ዝምተኛ ልጅ ትዝ አለችኝ። «ኡስታዝ፣ ለሰውም ይሆናል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ይሆናል» ብያት ነው የወጣሁት።

«ሃጅራ» አልኩ።

ፖሊሱ የሰውዬውን ክንድ ለቀቀ።

«ጃኬት ሚስማር ላይ ነበር» አለ ሰውዬው ግራ እንደተጋባ። «በጨለማ ለብሼ ወጣሁ። ኡስታዝ፣ ምን ይላል ወረቀቱ?»

«ቢጠፋ ቤቱ ቤት የማይሆን ነገር ላይ ለጥፉ ብያቸው ነበር» አልኩት። «ልጅዎ እርስዎ ላይ ለጠፈችው።»

እጁን እንደገና ወደ ጀርባው ሰደደና «ሃጅራን ትናንት ተቆጣሁት እኮ...» አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ፖሊሱ አፈረና «በሉ ይቅርታ፣ ልንቀልልዎት» ብሎ ወደ ወረቀቱ እጁን ዘረጋ። ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተው፣ ይቀመጥ» አለ።

ሃጅራ የቤት ሥራዋን እስካሁን አላስረከበችም... አባቷ ጃኬቱን አላወልቅም ብሏል።