ያንን ረዥም ልጅ እንዳታሳፍሩት

የነርስ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደምሠራበት የጭሮ ሆስፒታል ሲመጡ ገና ከበሩ ላይ አውቃቸዋለሁ። የጋዋናቸው እጥፋት ገና አልጠፋም፤ የልብ ማዳመጫውን እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተያይዘው ይገባሉ። ጭሮ ጠዋት ጠዋት ብርድ ናት፤ እነሱ ግን አዲሱ ጋዋን እንዳይሸፈን ጃኬታቸውን ከውስጥ ይለብሳሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ስለዚህ አልስቅባቸውም። ትንሽ ብቻ እስቃለሁ።

አንድ ዓመት ከመጡት ውስጥ አንዱ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ቁመቱ ነው ምክንያቱ። የበደሳ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ቡና ገበሬዎች። እናቱ ገና ኮሌጅ የገባ ዕለት «ልጄ ዶክተር ሆነ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውጀዋል። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። ስለ ቁስል ብትጠይቁት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣላችኋል። ቁስል ራሱን ግን ቀረብ ብሎ አይቶ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ያኔም አሁንም የምሠራው ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው። በዚያ ሰሞን ደንበኛችን አንድ የጫት ነጋዴ ሽማግሌ ነበሩ። የሂርና ሰው ናቸው፤ ጭሮ ከከተሙ ግን ቆይተዋል። ጫት ከጫነ አይሱዙ ላይ ሲወርዱ ብረት ቅልጥማቸውን ገሽልጧቸው፣ «ይድናል» እያሉ ችላ ሲሉት አመርቅዞ ነው የመጡት። አማርኛቸው ፈጣንና ጣፋጭ ነው፤ ወንድና ሴት ብቻ አይለይም። እኔን «ሲስተር፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ይሉኛል። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ እንዲህ ያለው አነጋገር ግራ ያጋባኝ ነበር፤ አሁን «አንቺ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ማንን ነው እላለሁ።

ያን ዕለት ፋሻቸውን ፈታሁ። ተማሪዎቹ ከበቡን። ረዥሙ ልጅ ከኋላ ቆሞ በሁሉም ጭንቅላት ላይ አሻግሮ ያያል። ቁስሉን የሸፈነውን ጎዝ ሳነሳ ትንሽ ደም ተከትሎ መጣ። «እዚህ ጋ ምን ታያላችሁ?» ብዬ ሳልጨርስ ልጁ ግድግዳውን ታክኮ መንሸራተት ጀመረ። ከቁመቱ የተነሳ ወርዶ እስኪያልቅ ጊዜ ወሰደ።

ሽማግሌው ቁስላቸው እንደተከፈተ ከአልጋው ወረዱ። «ያ ረቢ! ማል ታኤ? ምን ሆነ ልጁ?»

«ሐጂ፣ እግርዎ!»

«እግሬ የትም አይሄድም! ሲስተር፣ ውሃ አምጣ!»

የልጁን እግር ከፍ አድርገን ያዝን። ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ሽማግሌውን ነው፤ በቆባቸው እያራገቡለት «ጀባዱ፣ ልጄ፣ በርታ!» ይሉታል። ጓደኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። መውደቁ ሳይሆን ታካሚው እሱን ማስታመማቸው ነው ያሸማቀቀው።

«ቁርስ በልተሃል?» አልኩት።

አልበላሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«በባዶ ሆድ ቁስል ፊት አይቆምም። ሲያዞርህ ደግሞ ቁጭ በል፤ ነውር የለውም።»

ጋዋኑን አራግፎ ወጣ።

ሽማግሌው ቀጥሎ ቁስላቸውን ለማሳጠብ በመጡበት ጠዋት ልጁ የለም። ጓደኞቹን ስጠይቅ «ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሄዷል፤ ቡና ለቀማ ይሻለኛል ብሏል» አሉኝ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«ረዥሙ የታለ?» አሉ ሽማግሌው። ነገርኳቸው። ስልካቸውን አወጡ። በምዕራብ ሐረርጌ ይህን የጫት ነጋዴ የማያውቅ ሹፌርና ረዳት ያለ አይመስለኝም። በኦሮምኛ ሲያወሩ እኔ የያዝኩት «ዼራ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ረዥም ማለት ነው። ዘግተው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

«ምን አሏቸው?»

«ያንን ረዥም ልጅ እንዳታሳፍሩት አልኩ።»

«ሐጂ! ይሄማ ግፍ ነው!»

«ግፍ ምንድን ነው? መሄድ ከፈለገ እግር አለው። ደግሞም ረዥም ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ እያማረረ መጣ። «ሲስተር፣ ይሄ ከተማ ምን ነካው? ሚኒባሱ ባዶ ነው፤ ረዳቱ በደሳ በደሳ እያለ ይጣራል፤ እኔ ስጠጋ ሞልቷል ይለኛል!»

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው። «ኢንሻአላህ ከሰዓት በኋላ ቦታ ይገኛል» አሉ። «እስከዚያ እግሬን እጠብልኝ።»

ልጁ እኔን አየኝ። ወንበር ሳብኩለት። ጓንት ሲያጠልቅ «ቁስሉን ብቻ አትይ፤ ሰውየውንም እያቸው፣ አናግራቸው» አልኩት። ምን እንደሚጠይቅ ጠፍቶት «ጫት ትኩስ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አላቸው። በሚወዱት በኩል ገባባቸው! ሽማግሌው ከቅጠሉ ጀምረው እስከ እርሻው ተነተኑለት። መሀል ላይ ልጁ ፊቱ ነጣ፤ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ በእጁ የያዘውን ጎዝ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ተነፈሰ። ሽማግሌው ወሬያቸውን አቋርጠው ጠበቁት፤ ዝም ሲሉ ያኔ ነው ያየኋቸው። ከዚያ ጓንቱን ቀይሮ ቀጠለ፤ ጨረሰ። ፋሻውን ግን አብዝቶት ኖሮ እግራቸው ሌላ እግር አከለ።

«ይሄ ፋሻ ነው ጥምጣም?» አሉ። ልፈታው ስል ከለከሉኝ። «ተወው፣ ይሞቀኛል።» ከዚያም ሻንጣውን አስይዘው ቁርስ ፈጢራ ሊያበሉት ወሰዱት። መኪና የሚገኝበት ከሰዓት በኋላም መጥቶ አለፈ፤ ልጁ መናኸሪያ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ያ እግር የእሱ ሆነ። ፋሻው እየቀጠነ፣ ቁስሉ እየጠበበ ሄደ። የዳነ ዕለት ሽማግሌው ደስ አላላቸውም፤ «ሌላኛው እግሬስ ደህና ነው ትላላችሁ?» ብለው በደንብ አስመረመሩት። በልጁ የምረቃ ምሳ ላይ ስለ መናኸሪያው ነገር ራሳቸው በሰው ሁሉ ፊት አወጡት። ልጁ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቀጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቱ የሽማግሌውን እጅ ይዘው አልለቅም አሉ።

አዲስ ተማሪዎች «ደም ስለምንፈራ ትምህርቱን እንተወው ወይ?» እያሉ ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ፈርቶ ያልጀመረ ነርስ አላውቅም፤ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀኔን መታጠቢያ ቤት ነው ያሳለፍኩት።

በቅርቡ ለሥራ መቻራ ወርጄ ልጁ የሚሠራበት ጤና ጣቢያ ገባሁ። መንገዱ ወገቤን ሰብሮታል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የአንዲት አዛውንት እናት ጣት እየጠቀለለ ስለ ላማቸው ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ላሟ እንዴት እንደረገጠቻቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ሊያሳዩት ሲሉ «እማማ፣ በሌላኛው እጅ!» ይላቸዋል። አላቋረጥኩትም። ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅኩ።