የታች ሰፈር ጥንግ ለጊዎችና የኔ ዋስ

ሰው አገሩን ጥሎ የሚወጣው በሌሊት ነው ይላሉ። እኔ ከቡልጋ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ድስት ተሸክሜ ነው። ለምን ድስት እንደያዝኩ ዛሬም አላውቅም፤ ጣሊያን ካቃጠለው ቤታችን እጄ የገባው እሱ ብቻ ነበር መሰለኝ። ወንድሜ ተሰማ እስከ ወንዙ ሸኘኝና «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከብቶቹን ልፈልግ» አለኝ። ከብቶቹ እንደተነዱ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጓደኞቹ ጫካ ገብተው ነበር። እኔም እንዳመነ ሰው «እሺ፣ ቶሎ ና» ብዬው ተሻገርኩ።

እናንተ የቡልጋ ዘመዶቼ፣ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ከልጄ ጋር ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። እንዴት የጉለሌ ሰው ሆንሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለኖራችሁ ነው የምጽፈው።

ጉለሌ ስደርስ መጀመሪያ የጠላሁት ብርዱን ነው። የኛ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፤ የጉለሌው ግን ምሳም አብሮ ይበላል። ጋሼ በየነ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ድሮ የጥጃ ቤት የነበረች ክፍል አከራዩኝ። ከእንጦጦ ጭራሮ እየለቀምኩ እሸጥ ጀመር። ትንሽ እንደቆየሁ ግን ፐርሜሶ የሚሉት ወረቀት የሌለው ሰው ከተማ መኖር አይችልም ተባለና ቢሮ ሄድኩ። ጣሊያኑ ተቀምጧል፣ አስተርጓሚው ቆሟል።

«ቤትሽ የት ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ተቃጥሏል።»

«ማን አቃጠለው?»

ጣሊያኑን አየሁት። አስተርጓሚው ደግሞ የገዛ ጫማውን ያያል።

«እሳት» አልኩ።

አስተርጓሚው ተንፈስ ብሎ ተረጎመለት፤ ጣሊያኑም ራሱን ነቅንቆ ጻፈው። ያ ወረቀት ዛሬም አንድ ቦታ ካለ፣ የቡልጋን ቤቶች ያቃጠለው እሳት መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ፣ ጉለሌ ውስጥ ቤት ያለው ዋስ ከጥምቀት በፊት ካላመጣሁ ወደ መጣሁበት እንደምመለስ ተነገረኝ። የመጣሁበት ደግሞ አመድ ነው።

ከጋሼ በየነ ሌላ የማውቀው ባለ ቤት አልነበረም። ለመንኳቸው። እሳቸው ግን «የማላውቀውን ሰው አልዋስም፤ በዚህ ዘመን ዋስ ሆኖ የታሰረ ስንት አለ» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። አልተቀየምኳቸውም። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ገና ደርሷል። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በየዓመቱ በገና ጨዋታ ይጋጠማሉ፤ ጋሼ በየነ ደግሞ የታች ሰፈር አለቃ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ልምምድ አለ፤ እኔም ጭራሮዬን ተሸክሜ በዚያ ሳልፍ እግሬ አልሄድ እያለኝ እቆማለሁ። ታውቁ የለም፣ ልጅ ሆኜ ተሰማና ጓደኞቹ ሲጫወቱ ሣር ውስጥ የጠፋችውን ጥንግ ፈልጌ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ጥንጓ የት እንደምትወድቅ ለማወቅ የሚመታውን ሰው ትከሻ ማየት ይበቃኛል።

ዱላቸው ግን አሳዘነኝ። እኛ ወይራ ጎብጦ ካላደገ አንቆርጥም፤ እነሱ ባህር ዛፍ በእሳት ያጎብጣሉ፣ በሦስተኛው ምት ለሁለት ይሰነጠቃል። በዱላ ምክንያት አገር ይናፍቃል ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን ጥንጓ ጠፍታባቸው ሁሉም አጎንብሰው ሲፈልጉ፣ ከመንገድ ላይ ሆኜ «ከዚያ ቀጋ ሥር ናት» አልኩ። ሳቁብኝ። ሄደው ሲያዩ እዚያው ናት። ጋሼ በየነ ያን ቀን ማታ በራፌ ላይ መጥተው ቆሙ። «አንቺ ቡልጌ፣ ከልጆቼ ማን ይመታል?» አሉኝ።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ሸማኔው ከበደ ክንዱ አይደክምም፣ ግን ከመምታቱ በፊት የሚልክበትን ስለሚያይ ተቃራኒው ቀድሞ ይቆምበታል። ቶሎሳ ከሁሉም በላይ ኃይለኛ ነው፣ ከመታት ሱሉልታ ትገባለች፣ የኛ ግብ ግን ሱሉልታ አይደለም። ዲያቆኑን ቀጭን ነው ብለው አይናቁት፤ ነጠላውን አደግድጎ አጭር አጭር ነው የሚመታው፣ አንድም ቀን ግን አልሳተም። መሐል መቆም ያለበት እሱ ነው አልኩ። ሳቁ፣ ተከራከሩ፣ በማግስቱም መጡ። ልምዳችን ሆነ። ሰው ሳያስፈራኝ ያወራሁት ከአገሬ ከወጣሁ ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው።

የገና ሳምንት ላይ ግን «አንድ ሰው ዘለልሽ» አሉኝ።

ገባኝ። መሐል የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ዋሴ ሊሆኑ የቀራቸው ጥቂት እንደሆነም ይታወቀኛል። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«የሚባለው ለበዓሉ ቀን ነው። ቢሆንም ንገሪኝ።»

«እርስዎ የሚመቱት ጥንጓ ካለፈች በኋላ ነው። ድምጿን ሰምተው ነው። ዓይንዎ አያያትም።»

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። የቤታቸውን ግድግዳ በእጃቸው እየዳበሱ ሲገቡ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሰላምታም ከለከሉኝ። አፌን እረግመው ጀመር፤ ለአንዲት የእንጨት ጥንግ ብዬ ማደሪያዬን አጣሁ አልኩ። ድስቴንም አጥቤ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ።

የገና ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ዱላ የያዘ ሕዝብ ስለበዛ የጣሊያን ወታደሮች ከላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ማታ ላይ ለላይ ሰፈር እየጮኸ ይደግፍ ጀምሮ ነበር። ጋሼ በየነ መሐል ሜዳ ድረስ ሄዱ፣ ዱላቸውን ለዲያቆኑ ሰጡት፣ ተመልሰውም አጠገቤ ተቀመጡ።

«በይ ንገሪኝ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

እስኪመሽ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ከበደ አየና መታ፤ ዲያቆኑ ቀማ፤ አሁን ለቶሎሳ ሰጠው፤ ወይኔ ጋሼ፣ ሱሉልታ ገባች። ተሸነፍን። የላይ ሰፈር ሰዎች እየዘፈኑ ሲሰድቡን ጋሼ በየነ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ እኔም ስቄ ጎኔን አመመኝ።

ከጥምቀት በፊት እጄን ይዘው ቢሮ ሄዱ። ወይም እኔ እጃቸውን ያዝኩ ልበል። ጣሊያኑ ምንዎ ናት ብሎ አስጠየቀ።

«ልጄ ናት» አሉ።

ወረቀቱ መጣ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ፣ ጣታቸው ግን አየር ላይ ቀረ፤ ወረቀቱ የት እንዳለ አላዩም። ጣሊያኑ ሳያውቅ ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩላቸው። የጉለሌ ሰው የሆንኩት እንዲህ ነው።

ስንመለስ ትከሻዬን ተደግፈው «በናንተስ አገር ዘንድሮ ማን ለጋ?» አሉኝ።

ከወንዙ ወዲህ ከቡልጋ አንድ ወሬ አልሰማሁም ነበር። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጀመርኩ። ሜዳው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ ዱላው ወይራ ነው፤ ወንድሜ ተሰማ በግራ በኩል እየሮጠ መጣ፣ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፣ መታት አልኩ። ጋሼ በየነ መንገድ ላይ ቆመው፣ በማያየው ዓይናቸው ሰማይ ሰማዩን ተከተሏት።

«የት ወደቀች?» አሉኝ።

አላየኋትም አልኳቸው።