ገመዱን የሚጫነው ድንጋይ

ቢቸና ባለው የአባቴ ግቢ፣ በሩ አጠገብ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ የወፍጮ ድንጋይ አለ። የመጣ ሰው ሁሉ ይቀመጥበታል። አንተም ቅድም ጫማህን ለማሰር ተቀመጥክበትና ፊቴን አይተህ "ምነው?" አልከኝ። ሽታው ነው። ደረቅ ሲሆን እንደማንኛውም ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲያርፍበት ግን የዱቄትና የወንዝ ጭቃ ሽታ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ባለቤቴ "የአፍንጫሽ ጣጣ ነው" ይለኛል። ይሁን። አንተ ከጠየቅከኝ ግን ልንገርህ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በቅየሳ እንደተመረቅሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ከሞጣ በታች፣ ድልድይ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ፣ የዓባይን ጥልቀት መለካት ነበር። ቡድን ይሉናል እንጂ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ኢንጂነር፣ ከጣና ዳር ከነጀልባቸው የተቀጠሩ ጀልባ ነጂ፣ እና እኔ። ጀልባዋ የራሳቸው ነበረች። ሰማያዊ ቀለሟ የተላላጠ፣ አምስት ሰው የምትይዝ የላሜራ ጀልባ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሷ እንደሆነ በመጡበት ቀን ነግረውናል። ሌላ ንብረት አልነበራቸውም።

የመኪናው መንገድ ሲያልቅ ጀልባዋን በሸራ ሸፍነን፣ የአካባቢው ገበሬዎች በትከሻቸው ተሸክመዋት ገደሉን ቁልቁል ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ከታች ሲወጡ አገኙን። ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው ጀሪካናቸውን አወረዱና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ።

"የማን ልጅ ነው የሞተው?" አሉ።

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። "ኧረ ጀልባ ነው እማማ! ሰው አይደለም።"

አሮጊቷ አልሳቁም። ሸራውን ትኩር ብለው አዩትና "እንግዲህ አንዴ አልቅሼለታለሁ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጀልባ ነጂው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሴትዮዋ ከዓይን እስኪሰወሩ ቆመው አዩዋቸው። "ይቺ ነገር አላማረችኝም" አሉ ለብቻቸው። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

ታች ያለው ሌላ አገር ነው። ሞጣ ላይ ጋቢ ስንደርብ ከርመን እዚያ ላባችን ከአንገታችን አይደርቅም ነበር። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱን መልሶ ይተፋል። ዝንጀሮዎች ከማዶ ገደል ሲጮኹ ድምፃቸው ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል። ውሃው ግን ድምፅ የለውም። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ። ከዚያ ሁሉ ነገር የከበደኝ ዝምታው ነበር፤ ሌሊት ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ እንኳ መኖሩ ይታወቀኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መልህቁ አልይዝ አለን። የወንዙ ወለል ጠጠር ስለሆነ መሐል ላይ ጣል አድርገነው ልንለካ ስንል ጀልባዋ ቀስ እያለች ታፈገፍጋለች። ኢንጂነሩ ከዳር ሆኖ በመሣሪያው እያየ "ፖዚሽን ለቃችኋል!" እያለ ይጮኽብናል። ሌላ መልህቅ እንግዛ ሲል ጀልባ ነጂው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መልህቁ ምንም አልጎደለው። ገመዱ ነው ቀና የሚለው። ከባድ ነገር አምጡልኝ፤ መሐሉ ቀዳዳ ያለው።"

ነገሩ እንዳልገባኝ አይተው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ የቢቸና ልጅ፣ እርሻ አይተሽ የለ? ገበሬው እርፉን ሲጫነው ማረሻው ይነክሳል፤ እጁን ሲያላላ ይወጣል። መልህቅም እንደዚያው ነው። ገመዱ ወደ ላይ ከሳበው ይነቀላል፤ መሬት ላይ ተኝቶ ከሳበው ይነክሳል። እኔ ውሃ ውስጥ ገብቼ ገመዱን ልጫነው አልችልም። ድንጋዩ እጄን ይሆንልኛል።"

ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሲሉ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአባቴ ወፍጮ ቤት ነው። ቅዳሜ ቢቸና ሄድኩ። አባቴ ዕድሜውን በወፍጮ ጩኸት ስላሳለፈ ጆሮው ከብዷል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። "ለጀልባ?" አለኝ ሦስቴ። በመጨረሻ ከጓሮ ተበልቶ የሳሳ፣ አንድ ሰው እያቃሰተ የሚያነሳው ድንጋይ አንከባሎ አወጣልኝ። የሚኒባሱ ረዳት ጉድ ነው ያለው። "ከቢቸና ወደ ሞጣ ድንጋይ? ሞጣ ድንጋይ አለቀ እንዴ?" ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ሞጣ ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ።

ጀልባ ነጂው ግን ድንጋዩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። የመልህቁን ገመድ በቀዳዳው አሳለፉና ድንጋዩን በሌላ ቀጭን ገመድ እየያዙ ቀስ አድርገው ለቀቁት። እያንሸራተተ ገመዱን ተከትሎ ወረደ። ገመዱ ጎበጠ፣ ጀልባዋ አንዴ ተናጠችና ቆመች።

"ተኛ" አሉ። ገመዱ ተኛ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ድንጋዩን ሲለቁ "ይተኛ" ይሉ ነበር፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ገመድ ሲረዝም ነው የሚይዘው" ብለውም ነግረውኛል። ሰምቻለሁ። ግን እኔ ሳድግ የማውቀው በቅሎ ማሰር ነው። የማትፈልጋት ቦታ እንዳትደርስ በቅሎን አሳጥረህ ታስራለህ። እጄ የተማረው ይህን ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጀልባ ነጂውን ወባ ያዛቸው። መድኃኒት ጀምረዋል፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። ያን ቀን ኢንጂነሩ የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጥቶ ነበር። ድንኳኑ ይግላል ብለው ከጀልባዋ ወለል ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ጀልባዋ ከዳር አሥር እርምጃ ያህል ገባ ብላ በመልህቋና በድንጋዩ ቆማለች። እኔ ዳር ላይ ካለ ሾላ ጥላ ሥር ቁጥር እገለብጣለሁ።

ነፋስ ተነሳ። ጀልባዋ በረጅም ገመዷ እየዞረች ከኋላዋ ካለ ቋጥኝ ጋር ትጋጭ ጀመር። ዷ። ትንሽ ቆይቶ ዷ። በተመታች ቁጥር ጋቢው ሥር ሲያቃስቱ ይሰማኛል። አሳዘኑኝ። የሁለት ቀን እንቅልፍ የላቸውም። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፤ ገባሁ። የገመዱን ጫፍ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ካለው ቀለበት ፈታሁና ድንጋዩን በቀጭኑ ገመድ ሳብኩት። ድንጋዩ ወጥቶ ከላሜራው ጋር ሲንቋቋ ጊዜ ከገመዱ አወለቅሁት። ከዚያ አሳጥሬ፣ አባቴ በቅሎውን በሚያስርበት አተሳሰር ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ድንጋዩን ታቅፌ ወደ ዳር ወጣሁና ደረቁ ላይ አስቀመጥኩት።

ጀልባዋ ቀጥ አለች። ድምፅ የለም። ማቃሰታቸውም ቀረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። መጀመሪያ የታወቀኝ የዝንጀሮዎቹ ጩኸት መጥፋቱ ነው። ቀና ስል ገደሉን እየወጡ ነበር፣ ግልገሎቻቸውን አዝለው። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከወንዙ ራስጌ በኩል ግን ጠቁሯል። ከዚያ ያ ሽታ መጣ፣ አዲስ የተገለበጠ አፈር ሽታ። ገለባና አረፋ ሲያልፍ አየሁ። ወደ ድንጋዩ ዞር አልኩ። ደረቅ ላይ ያስቀመጥኩት ድንጋይ ውሃ መሐል ነበር።

የጀልባዋ ገመድ ከውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተገትሯል። ውሃው ከፍ ሲል ገመዱ አፍንጫዋን ወደ ታች ይዟታል። ልነሳ ስል አፍንጫዋ ቀና አለች። መልህቁ ተነቀለ ማለት ነው። ሄደች፤ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

"ጋሼ! ጋሼ ይነሱ! ጋሼ!"

ጋቢው ሲነቃነቅ አየሁ። ከዚያ ጀልባዋ በወንዙ መታጠፊያ ዞራ ተሰወረችብኝ። በእሾህ መሐል እየሮጥኩ ላሜራው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሁለቴ ሰማሁ። ስደርስ ጀልባ ነጂው ከወንዙ ዳር የዛፍ ሥር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ነጠላዬን ወርውሬ፣ እግሬን ቋጥኝ ላይ ተክዬ ጎተትኳቸው። ወጡና ተንበርክከው ውሃ ተፉ። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ጀልባዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለት ቋጥኞች መሐል ተሰክታ፣ ሆዷ ተቀዶ ነበር። አፍንጫዋ ብቻ ከውሃ በላይ ነው። ገመዱ ከቀለበቱ ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም። መልህቁ ጫፉ ላይ እንዳለ ነው፤ የእኔም ቋጠሮ እንዳለ ነው። እየተንቀጠቀጡ ሄደው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። ዞረው አዩኝ። ከዚያ ጩቤያቸውን አወጡና ከቋጠሮው ሥር ቆረጡት። ቋጠሮውንም ፈትተው ጣሉት። መልህቁ ከነገመዱ ወደ ጥልቁ ሲወርድ አብረን አየነው።

ኢንጂነሩ እየሮጠ ሲደርስ "ገመዱ አርጅቶ ነበር" አሉት። "ድንጋይ በላው። መቀየር ነበረብኝ፣ አልቀየርኩም። የኔ ጥፋት ነው።"

"ሪፖርት ላይ እንደዚህ ብዬ ነው የምጽፈው" አላቸው።

"ጻፈው" አሉ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እውነቱን አልተናገርኩም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ልፈልግለትም አልፈልግም። እንደጻፈውም ሆነ፤ በእሳቸው ቸልተኝነት ነው ተብሎ ለጀልባዋ ካሳ የሚከፍል ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ሞጣ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ከጀልባዋ የተረፈው አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነበር፤ እሱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ልናገር ስል ቀደሙኝ።

"ድንጋዩን ስታወጪው ሰምቼሻለሁ።"

የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

"ተኝቼ አልነበረም። ተይ ልልሽ ነበር። ግጭቱ ዝም ሲል ግን ጣፈጠኝ፣ ትንሽ ልረፍበት አልኩ። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው። ድንጋዩን ለአባትሽ መልሺለት።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እውነት ሰምተውኝ ይሁን ወይስ ሊያቀሉልኝ ብለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሌሊት ሌሊት አንዱን አምኜ እነሳለሁ፤ ሲነጋ ሌላው ይመስለኛል።

ስልካቸው ነበረኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ያኔ ያልተናገርኩትን በስልክ እንዴት እናገራለሁ? አምና አባቴ አረፈ፤ ከለቅሶው በኋላ በሩ ላይ ድንጋዩን ሳየው ድፍረቱ መጣልኝና ደወልኩ። ሴት ልጅ አነሳች።

"አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ማን ልበል?"

"ዓባይ ላይ... አብረን ሠርተን ነበር። የቢቸና ልጅ ነኝ።"

ከዚያ ድምፅዋ ሞቀ። "ድንጋዩን የሰጠሽው አንቺ ነሽ? አባዬ ሁሌ ያነሳሽ ነበር እኮ! ከአባቷ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ ድንጋይ ያመጣችልኝ ልጅ፣ ከውሃም ጎትታ ያወጣችኝ፣ እያለ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። "ድንጋዩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

አመሰገነችኝ። ድንጋዩን ከገመዱ ያነሳሁትም እኔ መሆኔን ግን አሁንም አልነገርኳትም።