አጎቴ ስለ መጫወቻ የጠየቁኝ ማታ

ያን ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሜ አንዲት የቆርቆሮ ዶሮ ሰጠኝ። ቁልፏ ሲዞር መሬት እየለቀመች የምትሄድ መጫወቻ ናት። እንደዚህ ያሉትን ልደታ ማርያም አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ ይሸጣል። ይቺኛዋ አልሄድ ብላዋለች።

«ጩጬ፣ ማታ ስመለስ ሠርተህ ጠብቀኝ።»

«ካልሄደችስ?»

«አንተን እሸጣለሁ።»

ሳቀና ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወረደ። ሌላ ነገር አላለም። ብዙ አስቤበታለሁ። አላለም።

ዶሮዋን በካቻቢቴ ፈታኋት። ውስጧ ያለው ሞላ ጫፉ ከቦታው ወጥቶ ነበር። መለስኩት። ሄደች።

ማታ የመጡት አጎቴ ናቸው። የእናቴ ወንድም። ቤታችን የሚመጡት ለበዓል ብቻ ነው፤ በዓል አልነበረም።

«ልጅሽን መኪና ነክቶት ሐኪም ቤት ነው። ቀላል ነው፣ እግሩን ነው። ነገ አብረን እናየዋለን» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አነሳች።

«አሁን አያስገቡም። ስልክሽን እስቲ፣ የእኔ ካርድ አልቋል።»

ሰጠቻቸው። አልደወሉም። ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብለው ዶሮዋን አነሱ። አጎቴ መጫወቻ ሲነኩ አይቼ አላውቅም።

«ይቺ ባትሪዋ የት ነው?»

«የላትም፣ ጋሼ። ውስጧ ሞላ አለ፤ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ስስ ብረት። ቁልፉን ሲያዞሩ ይጠብቃል። የእጅዎ ጉልበት እዚያ ይቀመጣል። ሲለቁት ብረቱ ወደ ነበረበት ልመለስ ብሎ ይገፋል። የሚያስኬዳት እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ባንዴ አይፈታም?»

«ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች አሉ። እየያዙ ቀስ በቀስ ነው የሚለቁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶሮዋን አገላበጧት።

«ጎበዝ። ባትሪዋስ የት ነው?»

ለካ አልሰሙኝም። የሚጠይቁኝ እኔ እንዳልጠይቃቸው ነው።

«የትኛውን እግሩን ነው፣ ጋሼ?»

«ግራ… ቀኙን።»

እናቴ ወዳለችበት ወጥ ቤት ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተው ልጄ። ዛሬን ትተኛ» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ። እስከዚያ ሁሉም ይዋሻል። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ እራት አቀረበች እንጂ አልበላችም። አጎቴ ሶፋው ላይ አደሩ።

በነጋታው ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ። እናቴ ለሐኪም ቤት ለብሳ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች።

«እማዬ፣ እዚያ ወረፋ አለ። ቅመሺ።»

ዳቦ ቆርሼ አጎረስኳት። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከሶፋው ተነሱ። በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቆምኳቸው።

«ማነው በዚህ ሰዓት?» አለች።

«ይጠብቁ» አልኳትና ጉርሻውን ደገምኩላት።

ሻይዋን አስጠጣኋት። እስክትውጥ ጠበቅኩ። ከዚያ በሩን ከፈትኩ።